የጌም ቴሌቪዥን ገዢ ከካርቶኑ ባሻገር ምን ይመልከት?

ቴሌቪዥን ሊገዛ መርካቶ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ስንት ኢንች ነው?» እና «መጨረሻው ስንት ነው?»። ዜናና ድራማ ለሚከታተል ቤተሰብ እነዚህ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ለሚሰካበት ሰው ግን አይበቁም። ስፋታቸው እኩል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ቴሌቪዥኖች ፊልም ሲያሳዩ ልዩነታቸው ሳይታወቅ፣ ጌም ሲከፈትባቸው አንዱ ፈጣን ሌላው ሰነፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ ለመሥራት ያሰበውን ባለሀብት ነው። ለቤቱ አንድ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ቢሳሳት ስህተቱ አንድ ነው፤ አምስትና ስድስት በአንድ ጊዜ የሚገዛው ግን ስህተቱን በዚያው ልክ ያባዛዋል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ከውጭ የገባን ዕቃ ጥሎ በሌላ መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በጨዋታ ቁጥር ወይም በሰዓት የሚከፍል ደንበኛም ኳሱ አልታዘዝ ካለው ሳይጨቃጨቅ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል።

ዋናው ነገር መዘግየቱ ነው

ተጫዋቹ የጆይስቲኩን ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት አንስቶ ውጤቱ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፍ ጊዜ አለ። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የጌም ማሽኑ የራሱ ሲሆን ቀሪው የቴሌቪዥኑ ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን የተቀበለውን ምስል እንዳለ አያሳይም፤ ቀለሙን ያደምቃል፣ ጥራቱን ያስተካክላል፣ በሁለት ምስሎች መካከል ሌላ ምስል ፈጥሮ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ፊልም የሚያይ ሰው ድምፁና ምስሉ እኩል ከዘገዩ አይታወቀውም። ተጫዋች ግን ወዲያውኑ ይሰማዋል።

በሰከንድ 60 ምስል በሚያወጣ ጨዋታ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ጥሩ ቴሌቪዥን «ጌም ሞድ» በሚባለው አቀማመጥ ሲሠራ የራሱ መዘግየት ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። ያው ቴሌቪዥን በፊልም አቀማመጥ ላይ ከተተወ ግን መዘግየቱ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ሊጠጋ፣ አንዳንዴም ሊያልፍ ይችላል። ይህም ስድስት ምስል ያህል ወደ ኋላ መቅረት ማለት ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ ተከላካዩ ኳሱን ሊነጥቅ እግሩን ሲዘረጋ አጥቂው አልፎት ሄዷል።

በመሆኑም ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጌም ሞድ አለው ወይ?» የሚል ሊሆን ይገባል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ማሽኑ ሲበራ ወደዚህ አቀማመጥ ራሳቸው ይገባሉ፤ ሌሎቹ በሪሞት መስተካከል አለባቸው። በካርቶኑ ላይ «1 ሚሊሰከንድ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር እንደሚገልጽ ማወቅ ያሻል። እሱ የስክሪኑ ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ የሚለወጥበት ፍጥነት እንጂ ከቁልፍ እስከ ስክሪን ያለው መዘግየት አይደለም።

መዘግየቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ለመመዘን የሚያስችል ቀላል ዘዴ አለ። ገዢው የራሱን ማሽንና ጆይስቲክ ይዞ ይሂድ። በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ጣቱንና ስክሪኑን በአንድነት ይቅረጽ። ከዚያም ቁልፉ ከተጫነበት እስከ ስክሪኑ እንቅስቃሴ ድረስ ያሉትን ምስሎች ይቁጠር። እያንዳንዱ ምስል 4 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ቁጥሩ የማሽኑንም መዘግየት ስለሚጨምር ለብቻው ብዙ አይናገርም። በአንድ ማሽንና በአንድ ጨዋታ ሁለት ቴሌቪዥኖችን እየደጋገሙ ማወዳደር ግን የትኛው እንደሚሻል ያሳያል።

በቅድሚያ ማሽኑን ማወቅ

ሁለተኛው ቁም ነገር የሚሰካው ማሽን ምን ያህል እንደሚያወጣ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው መደበኛው ፕሌይስቴሽን 4 የሚያወጣው በፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ 60 ምስል ነው። በዚህ ማሽን የሚሠራ ሰው 120 ኸርዝ ለሚባል ስክሪን ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ግን በፎርኬ ጥራት በሰከንድ እስከ 120 ምስል ማውጣት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህን የሚጠቀሙት ጨዋታዎች ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹ በ60 ይሠራሉ። የቀድሞውን ፕሌይስቴሽን 2 የያዘ ደግሞ ማሽኑ ኤችዲኤምአይ ስለሌለው፣ ቴሌቪዥኑ የኤቪ ገመድ መቀበያ እንዳለው ያረጋግጥ። በአዳዲሶቹ ላይ ይህ መሰኪያ እየጠፋ ነው።

ካርቶን ላይ የተጻፈው ሁሉ አይታመንም

120 ኸርዝ የሚፈልግ ገዢ በቃላት እንዳይሸወድ ይጠንቀቅ። «ሞሽን» ከሚል ቃል ጋር 120 ወይም 240 ተብሎ የተጻፈበት ቴሌቪዥን ስክሪኑ 60 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ምስል የማለስለሻውን ዘዴ የሚያመለክት እንጂ የስክሪኑን ትክክለኛ ፍጥነት የሚገልጽ አይደለም። «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዚህ ደንብ መሠረት በፎርኬ 120 ማሳለፍን ጨምሮ በርካታዎቹ ችሎታዎች ለአምራቹ ምርጫ የተተዉ በመሆናቸው፣ ስሙን ይዞ ችሎታው የሌለው መሣሪያ ሊኖር ይችላል። ችሎታው ባላቸውም ቢሆን ከአራቱ መሰኪያዎች ሁለቱ ብቻ ፈጣን የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህም ላይ ዳኛው ማሽኑ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ሲሰካ በማስተካከያው ውስጥ የስክሪንና ቪዲዮ ክፍል ተከፍቶ የቪዲዮ ውጤት መረጃው ቢታይ፣ ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ጥራትና ፍጥነት በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህን ለማየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ኦሪጅናል ገመድ መጠቀም ግን ግድ ነው፤ ደካማ ገመድ ጥሩውን ቴሌቪዥን ሊያስኮንን ይችላል።

ለቤትና ለሥራ የሚገዛው ይለያያል

ኦሌድ የተባለው ስክሪን በጥቁሩ ጥልቀትና በፍጥነቱ የላቀ ነው። ለመኖሪያ ቤት አቅሙ ያለው ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ለፕሌይስቴሽን ቤት ግን አይመከርም። ቀኑን ሙሉ አንድ የኳስ ጨዋታ ሲታይበት የሚውል ስክሪን የውጤት ሰሌዳው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም፣ በጊዜ ብዛት ምልክቱ ተቃጥሎ የመቅረት አደጋ አለው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ተራው ኤልኢዲ ይሻላል።

ከኤልኢዲዎቹም መካከል ልዩነት አለ። አንዳንዶቹ ከፊት ለፊት ሲታዩ ያማሩ ሆነው ወደ ጎን ሲሉ ቀለማቸው ይገረጣል። ሁለት ተጫዋቾች ጎን ለጎን በሚቀመጡበት፣ ተራ ጠባቂዎችም ከዳር ቆመው በሚያዩበት ቤት ይህ ጉድለት ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ራመድ ብሎ ይመልከት።

ስፋቱን በተመለከተ፣ በተለምዶ ከስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቆ መቀመጥ ይመቻል። በዚህ ስሌት ለ43 ኢንች 1.6 ሜትር፣ ለ55 ኢንች ደግሞ 2.1 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ጠባብ ሱቅ የተከራየ ሰው 55 ኢንች ቢደረድር የሚያተርፈው የዓይን ድካም ነው።

ከመክፈል በፊት

የመብራት ወጪም አስቀድሞ ይሰላ። 100 ዋት የሚወስዱ አምስት ቴሌቪዥኖች በቀን 12 ሰዓት ቢሠሩ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ የማሽኖቹ ፍጆታ ከዚህ ውጭ ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር የስታቢላይዘር ዋጋ ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት።

ርክክብ ሲደረግ ካርቶኑ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ጋር ይመሳከር። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም ጥቁር ተደርጎ የሞተ ነጥብ ወይም ጥላ መኖሩ ይፈተሽ። ዋስትናው በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ለንግድ ሥራ የዋለን ዕቃ ይሸፍን እንደሆነም በግልጽ ይጠየቅ። አንዳንድ ዋስትና ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት ብቻ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ገዢ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢይዝ አይሳሳትም፤ መጀመሪያ ዝቅተኛ መዘግየት፣ ቀጥሎ ከጎን ጥርት ብሎ መታየት፣ ከዚያ ለቦታው የሚመጥን ስፋት። 120 ኸርዝና ሌላው ጌጥ ማሽኑ የሚጠቀምበት ከሆነ ብቻ ይመጣል። የራሱን ማሽን ይዞ የመጣን ገዢ «ሰክተህ መሞከር አትችልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ ቀጣዩን ሱቅ መጠየቅ ነው።