«የምን ጫጫታ?»

አማርኛ ጆሮው የማይሰማውንም ማስተዋል የጎደለውንም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» ሲል ኖሯል። «መስማት የተሳነው» የሚለው አጠራር በመሥሪያ ቤትና በሬዲዮ ለምዷል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ገና በቅጡ አልገባም። ጆሮንና አእምሮን ማምታታት የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ለመስማት የተሳናቸው መብት የተደረገው ትግል በአብዛኛው ከዚሁ ጋር የተደረገ ግብግብ ነው፤ ያስቸገረውም ተጋጣሚ አዛኙ ነበር። አዛኝ ቅቤ አንጓች እንዳንለው፣ ብዙ ጊዜ ከልቡ ነበር የሚያዝነው።

እ.ኤ.አ. በ1880 (ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩና የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ ወሰኑ። ከ164ቱ ጉባኤተኞች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር፤ ከዋሽንግተን የመጣው ጄምስ ዴኒሰን። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ልጆች እጃቸውን ተከልክለው ከንፈር ሲያነቡ አደጉ። የተከለከሉት ቋንቋ ነበር።

ዋሽንግተን ያለው የጋላውዴት ኮሌጅ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚላኖ የወሰነውን ሳይቀበል ምልክትን ይዞ ቀጠለ። በ1864 አብርሃም ሊንከን በፈረመው ሕግ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያገኘው ይህ ተቋም መስማት ለተሳናቸው የቆመ ነው። ሆኖም በ124 ዓመት ውስጥ የመሩት ስድስቱም ሰዎች የሚሰሙ ነበሩ።

ማርች 6 ቀን 1988 ቦርዱ ሰባተኛውን ሊመርጥ ተቀመጠ። ከሦስቱ ዕጩዎች ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የተመረጡት ሦስተኛዋ፣ የምልክት ቋንቋ የማያውቁት ኤልሳቤጥ ዚንሰር ሆኑ። በማግስቱ ተማሪዎቹ የግቢውን በር በመኪና ዘጉት። የጠየቁት አራት ነገር ነው፦ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾም፣ የቦርዱ ሊቀመንበር ጄን ስፒልማን ይውረዱ፣ ከቦርዱ 51 በመቶው መስማት የተሳናቸው ይሁኑ፣ ማንም አይቀጣ።

ስፒልማን ተማሪዎቹን ሊያነጋግሩ ወደ ስፖርት አዳራሹ ገቡ። ዓመታት በቦርዱ ቢቀመጡም ምልክት አልተማሩም። የእሳት አደጋ ደወሉ ያንባርቃል፤ እሳቸው በዚህ ጫጫታ መደማመጥ አልተቻለም ብለው ያማርራሉ። ከተቀመጡት አንዱ በእጁ መለሰ፦ የምን ጫጫታ? በምልክት ብትናገሪ እንሰማሽ ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ እኔን የሚያቆመኝ ይህ ነው።

ከተሸነፉት ዕጩዎች አንዱ አይ. ኪንግ ጆርዳን ነበር፤ በ21 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ መስማት ያቆመ ሰው። ረቡዕ ዕለት ከዚንሰር ጎን ቆሞ ሹመታቸውን ደገፈ። ሐሙስ ቃሉን አጥፎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ዚንሰር በዚያው ምሽት ለቀቁ፤ እሑድ፣ ማርች 13፣ ጆርዳን ፕሬዚዳንት ሆነ። ስፒልማንም ወረዱ፤ ወንበራቸውን መስማት የተሳነው ፊል ብራቪን ያዘው። በ1990 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሲጸድቅ ያ ሳምንት ገና ከሰው ልብ አልጠፋም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ለአንባቢ ይጣፍጥ ነበር። በ2006 ጆርዳን ሊሰናበት ሲል ቦርዱ ጄን ፈርናንዴስን መረጠ። እሷም መስማት የተሳናት ናት፤ በአፍ ንግግር ያደገች፣ ምልክትን በ23 ዓመቷ የተማረች። ጋዜጦች ክርክሩን «በቂ ደንቆሮ አይደለችም» ወደሚል አጠበቡት፤ ተማሪዎቹ ግን የምንቃወመው የአመራረጡን ሂደትና አመራሯን ነው አሉ። ያው በር እንደገና ተዘጋ። በኦክቶበር ወር ፖሊስ ገብቶ ከ130 የሚበልጡ ተቃዋሚዎችን ይዞ ወጣ። ትእዛዙን የሰጠው ጆርዳን ነበር። በወሩ መጨረሻ ቦርዱ የፈርናንዴስን ሹመት ሻረ።