ሰሊጥም ይታረማል፣ ፕሮግራምም ይታረማል

መተማ ላይ ሐምሌ ሲገባ ወሬው ሁሉ አረም ነው። ሰሊጡ በቅሏል፤ አረሙም አብሮት በቅሏል። የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይወርዳል። ሙቀቱ፣ ጭቃው፣ የወባ ትንኙ አለ። ቢሆንም አረም ቀን አይሰጥም።

እንበልና በዚህ ወቅት አንድ የገንዳ ውሃ ገበሬ ከልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጂቱ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። ሐሳቧ የኮምፒውተር ሥራ መማር ነው። የአባት ልብ ግን ይፈራል። ማስተማሪያው ገንዘብ ከሰሊጥ የተገኘ ነው። በላብ የመጣ ነው።

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መስታወት ማየት ሥራ ነው እንዴ? ሰው በዚህ ደስ ይለዋል?» ብሎ ይጠይቃታል።

ይህ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። እስቲ አብረን እንመልከተው።

ሥራው ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ምን መሥራት እንዳለበት ሰው ተራ በተራ ጽፎ ይሰጠዋል። ይህ የተጻፈ ትእዛዝ ፕሮግራም ወይም ሶፍትዌር ይባላል። ትእዛዙን የሚያቅደው፣ የሚጽፈውና የሚያርመው ሰው የሶፍትዌር መሐንዲስ ይባላል።

በእጃችን ያለው ስልክም ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አንድ ሰው መተማ ዮሐንስ ሆኖ ደጋ ላሉት ቤተሰቦቹ በስልክ ብር ይልካል። ብሩ ከእሱ ሂሳብ ይቀነሳል፤ በእነሱ ሂሳብ ላይ ይደመራል። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ቀንሶ መደመሩን ቢረሳስ? የሰው ላብ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፊደላችን እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ ገባ?

ፊደል መቁጠር ምን ያህል እንደሚያደክም እኛ እናውቃለን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ሕዝብ «ሀ ሁ» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ተማሪ መጣ። እሱም ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች መሠራት ጀመሩ። ነገር ግን ሠሪው ሁሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ብሎ የማይነበብ ሆነ። ነገሩ በአንድ ገበያ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ሚዛን ይዞ እንደ መምጣት ነው።

አቶ ፍስሐ አጥላውና አቶ ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ይህን ለማቃናት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። «ሀ» 4608 ተባለ። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 ሆነ። ዛሬ «ሰሊጥ» ብለን በስልክ ስንጽፍ ስልኩ 4656፣ 4618፣ 4901 ብሎ ይይዘዋል። መተማም ይሁን ካርቱም፣ ቁጥሩ አንድ ነው።

የሥራው አንዱ ደስታ ይህ ነው። አንድ ሰው ደክሞ የሠራው ነገር የማያውቀውን ሕዝብ ይጠቅማል።

ድካሙስ?

ሥራው ማር ብቻ አይደለም። ብዙውን ቀን ከመጻፉ ይልቅ ማረሙ ይበዛል። አንዲት ምልክት ብትሳሳት ሥራው ሁሉ ሊቆም ይችላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ስሕተት በተባይ ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ፣ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ የእሳት ራት ገብታ ተገኘች። ሠራተኞቹም በመዝገባቸው ላይ ለጠፏት።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማሳም ይታረማል፣ ጽሑፍም ይታረማል። ቃሉ አንድ ነው። ድካሙም ይመሳሰላል። ዛሬ ቢነቅሉት ነገ ሌላ ይበቅላል።

ሌላም ችግር አለ። መቀመጥ ወገብ ያሳምማል፤ ዓይን ይደክማል። ፕሮግራሙ ሌሊት ቢበላሽ ሠራተኛው ሌሊት ይጠራል። ሥራው ማንን እንደሚጠቅም ሳያውቁ መሥራትም አለ። ይህ ልብን ያቀዘቅዛል። አሁን ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ ኮምፒውተሮች መጥተዋል። ስለዚህ የተማረ ሁሉ ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። ትምህርቱም ዕድሜ ልክ ነው።

ታዲያ ያስደስታል ወይስ አያስደስትም?

ልጂቱ ለአባቷ እንዲህ ትመልሳለች። «አባባ፣ እርስዎስ ሰሊጥ ሲያርሙ ደስ ይልዎታል?»

አባት ይስቃል። «ማረሙስ ወገቤን ይቆርጠዋል። የታረመውን ማሳ ዞር ብዬ ሳየው ግን ደስ ይለኛል። በጥቅምት ሂላው ተደርድሮ ሳየው ደግሞ ድካሜን እረሳዋለሁ።»

«የኮምፒውተሩም ሥራ እንዲሁ ነው፣ አባባ።»

አባት ዝም ብሎ ያስባል። አምና ከነጋዴው ጋር ሲተሳሰብ አንድ ኩንታል ጎድሎበት ነበር። ልጂቱ ወረቀቱን ይዛ በፋኖስ አመሸች። ሲነጋጋ ስሕተቱን አገኘችው። ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ነበር።

«ያን ሌሊት መሮሽ ነበር?» ይላታል።

«ኧረ የለም! ሳገኘው እኮ ከደስታዬ የተነሣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

ውድ አንባቢዎች፣ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደመወዙን ብቻ ብሎ የገባ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። እንቆቅልሽ የሚወድ፣ «ተሳስቻለሁ» ለማለት የማያፍር፣ ስሕተትን እስኪያገኝ የማይተኛ ሰው ግን ይወደዋል። ወንድም ይሁን ሴት፣ የደጋም ይሁን የቆላ ልጅ ልዩነት የለውም። ልጅን ወደ ትምህርት ከመላክ በፊት ምን ደስ እንደሚለው ማየት ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማሳ ማረምና ፕሮግራም ማረም በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በሥራችሁ ድካማችሁን የሚያስረሳችሁ ምንድን ነው?
3. ልጃችሁ ምን ሲሠራ እንቅልፉን ይረሳል?