ክረምት ሳይገባ የጠመንጃን አፈሙዝ በአግባቡ መወልወል

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንሥቶ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ጫፍ የሚዘልቀው ተራራ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህም ክረምት ሲገባ ጉም ከባሕር ዛፉ መካከል ሳይነሣ የሚያረፍድበት ቀን ብዙ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም ባደረበት የዝገት ቀለም ይይዛል። ማረሻ ቢዝግ ግን አፈር እየሳለ ያጠራዋል። ዝገት ሲይዘው በባለቤቱ ሕይወት ላይ አደጋ የሚጋብዘው መሣሪያ ጠመንጃ ነው።

በዚህ አካባቢ ጠመንጃ ይዘው ሌሊት የሚያድሩ ጥበቃዎች አሉ። በሌሎች የአገሪቱ የገጠር ቀበሌዎችም ፈቃድ አውጥቶ ከአባቱ የወረሰውን ወይም በጥሪቱ የገዛውን መሣሪያ በቤቱ የሚያኖር ገበሬ ጥቂት አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን መሣሪያውን በጥንቃቄ የመያዝ ኃላፊነት አለበት። ከጥንቃቄዎቹ አንዱና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአፈሙዝ አወላወል ነው።

የባሩዱ ዓይነት አወላወሉን ይለውጣል

እንጦጦ ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ እንደነበረ የታወቀ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ ሕዝቡ «ውጅግራ» ብሎ የሰየመው የፈረንሳዩ ግራስ ነበር። ይህ ጠመንጃ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከናይትሬት ጨው የሚቀመም ሲሆን፣ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጢስ ወይም ደቃቅ አመድ ሆኖ ይቀራል። አመዱ ጨዋማ ስለሆነ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ ካደረ ብረቱን ይበላል።

ከዚያ በኋላ ጢስ አልባ ባሩድ መጣ። ከቤልጅግ አገር የተገዙት ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ሞዘሮች፣ በኋላም ባለ 7.62 ሚሊ ሜትሮቹ ሲሞኖቭና ክላሽንኮቭ የሚሠሩት በዚህኛው ነው። ብዙ ሰው ጢሱ ስለቀነሰ ቆሻሻውም የቀረ ይመስለዋል። ነገር ግን በአሮጌ የወታደር ጥይቶች ቂጥ ላይ ያለው መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ቅመም አለበት። ቅመሙ ሲፈነዳ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል። ይህም ለወጥ ከምንጨምረው ጨው ጋር በጠባዩ የሚቀራረብ ጨው ነው። በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ሆኖ በአፈሙዙ ውስጥ ይለጠፍና የክረምቱን እርጥበት እየጠጣ ብረቱን ይቦረቡራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ የሚሟሟው በውሃ ነው። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ አፈሙዙን በዘይት ብቻ አብሶ የሚሰቅል ሰው ጨውን ከዘይቱ ሥር ሸፍኖ አስቀመጠው እንጂ አላጸዳውም። የጥይቱን ዓይነት በእርግጠኝነት የማያውቅ ሁሉ ጥይቱ ጨዋማ ነው ብሎ ቢነሣ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ከሁሉ በፊት ባዶነቱን ማረጋገጥ

በመወልወል ላይ ሳለ የሚባርቅ ጠመንጃ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የተቀመጠውን ልጅና ጎረቤት ይገድላል። የአደጋው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። መቀርቀሪያውን አስቀድሞ የሳበ ሰው የጎረሰውን ጥይት ያወጣል፤ ነገር ግን ካዝናው በቦታው ስላለ መቀርቀሪያው ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ሰውየውም አንድ ጥይት ሲወድቅ ስላየ ባዶ ነው ብሎ ቃታውን ይስባል። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ እንደሚከተለው መከናወን ይገባዋል።

1ኛ/ የጠመንጃውን አፍ ሰውም ከብትም ወደሌለበት፣ በተለይ ወደ ለስላሳ አፈር ማዞር፤ ጣትን ከቃታ ማራቅ።

2ኛ/ ካዝናውን መንቀል። ካዝናቸው የማይነቀል ጠመንጃዎች ከሆኑ በውስጣቸው ያለውን ጥይት በሙሉ ማውጣት።

3ኛ/ ከዚያ በኋላ መቀርቀሪያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መሳብ። በክላሽንኮቭ ላይ የመጠበቂያው ምላስ ወደ ላይ ተዘግቶ ከሆነ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምላሱን ዝቅ ማድረግ ያሻል።

4ኛ/ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በዓይን ማየት፤ ጨለማ ከሆነ ደግሞ በጣት መዳሰስ።

5ኛ/ ጥይቶቹን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጦ መምጣት። በሚወለወልበት ቦታ አንድም ጥይት መገኘት የለበትም።

የአወላወሉ ቅደም ተከተል

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ቀጥ ያለ የመወልወያ ዘንግ፣ ለአፈሙዙ ልክ የሆነ የነሐስ ወይም የጠንካራ ጸጉር ቡርሽ፣ ያረጀ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የፈላ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና የጠመንጃ ዘይት ነው። በሲሞኖቭና በክላሽንኮቭ ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ፣ ቡርሹና መለዋወጫው ደግሞ በትንሽ ቆርቆሮ ሆኖ በሰደፉ ውስጥ ተቀምጦ ከፋብሪካ ይወጣል። ሰደፉ ታጣፊ ከሆነ ቆርቆሮው ለብቻው ይያዛል።

መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተስቦ የሚወጣ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ሞዘር፣ የሚወለወለው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ምክንያቱም የአፈሙዙ ጫፍ ጥይቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚለቅቀው ቦታ ስለሆነ፣ ዘንግ እየተሻሸ ካበላሸው ጠመንጃው ዒላማውን መሳት ይጀምራል። ክላሽንኮቭ ግን አሠራሩ ከኋላ ዘንግ ስለማያስገባ የሚወለወለው ከፊት ነው። ለዚህም የቆርቆሮው ክዳን ቀዳዳ የተበጀለት ሲሆን፣ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ዘንጉ ጠርዙን እንዳይነካ ይጠብቃል። ይህን ክዳን የጠፋበት ሰው ዘንጉን መሐል መሐሉን ለመያዝ እጅግ መጠንቀቅ አለበት።

ጠመንጃው ከተፈታታ በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው የውሃው ሥራ ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ በትንሽ ሳሙና ተበጥብጦ በማንቆርቆሪያ በአፈሙዙ ውስጥ ይፈስሳል። በእንጦጦ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህም ለሥራው በቂ ነው። የውሃው መሞቅ ጥቅሙ ብረቱን ስለሚያግለው የቀረችው እርጥበት ቶሎ ተንና እንድትጠፋ ማድረጉ ነው። ውሃው ወደ እንጨቱ እንዳይገባ አፈሙዙን አዘንብሎ መያዝ፣ እጅንም እንዳያቃጥል በወፍራም ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቡርሹ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ቡርሹን አጋማሽ ላይ አቁሞ ወደ ኋላ መመለስ ጸጉሩን ስለሚያጣምም አይገባም። በክላሽንኮቭ አፈሙዝ ውስጥ አራት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ ዘንጉ እነዚህን ቦዮች ተከትሎ በራሱ እንዲዞር መተው እንጂ በጉልበት መግፋት ጥሩ አይደለም። ከዚህ በኋላ በጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቁራጭ ጨርቅ በዘንጉ ጫፍ ላይ እየተደረገ ይሳባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ፣ በመጨረሻም ፈጽሞ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይለዋወጣል።

በዚህ ጊዜ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ከኋላ በኩል መመልከት ነው። ውስጡ እንደ መስተዋት ካበራ መልካም ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ቀይ ጥላ ከታየ ሥራው ይደገማል። እብጠት ወይም ስንጥቅ የሚመስል ቀለበት ከታየ ግን ጠመንጃው ሳይተኮስ ለባለሙያ መታየት አለበት።

በመጨረሻ ጥቂት ዘይት የነካው ጨርቅ አንድ ጊዜ ይተላለፋል። ዘይቱ ስስ ሽፋን እንዲሆን እንጂ እንዲንጠባጠብ አያስፈልግም። መቀርቀሪያው፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልና በክላሽንኮቭም የጋዝ ቱቦው በዚሁ መንገድ ይጸዳሉ። የክላሽንኮቭ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ ዝገትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ጨዉ ወደ ጋዝ ቱቦው ስለሚገባ መዘንጋት የለበትም። ከተኩስ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ አፈሙዙን እንደገና ማየትና ማበስም ይገባል፤ የተረፈ ቆሻሻ ካለ በእነዚህ ቀናት ላይ ይወጣልና።

የተለመዱ ስሕተቶች

የኑግ ዘይት መቀባት በብዙ ቤት ይታያል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ መቀርቀሪያውን ያስራል። ቅቤም ሲቆይ ይሻግትና ኮምጣጣ ሆኖ ብረቱን ይበላል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ የብረት ብናኝና አሲድ ስላለበት አይጠቅምም። ላምባ የተጋገረ ጥቀርሻ ለማላቀቅ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ጨው አያወጣም፣ ቶሎም ስለሚተን ከዝገት አይጠብቅም። በላምባ የሚሠራ ሰው ከእሳት መራቅ እንዳለበት ማስታወስ አያሻም።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አሸዋ፣ አመድ ወይም የጡብ ዱቄት በጨርቅ አድርጎ መፈተግ ቦዮቹን ይደመስሳል። በፌሮ ብረት መጎርጎርም እንዲሁ ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በዘንግ ፈንታ መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ ሊቀር ይችላልና።

ከሁሉ የከፋው ውታፍ ነው። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ጨርቅ ይወተፋል። ይህ በመጀመሪያ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያዘግጣል። ሁለተኛም ሌሊት ጅብ መጣ ተብሎ በድንጋጤ ሲተኮስ፣ ውታፉ የተረሳ እንደሆነ ጥይቱና ጋዙ መውጫ ሲያጡ አፈሙዙ ይፈነዳል። የተሰበረ ጭራሮም፣ ወድቆ የገባ ጭቃም አደጋው ያው ነው። ስለዚህ ጠመንጃ መሬት ከነካ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ከተቀመጠ፣ ጥይት ሳይጎርስ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ማየት የግድ ነው። የተቀባውም ዘይት ከመተኮሱ በፊት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አለበት።

አቀማመጥ

ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ብረት ወዲያው ያልበዋል። በመሆኑም ከጥበቃ የተመለሰ ሰው ጠመንጃውን እንደገባ ሳይሸፍን ጥቂት አቆይቶ፣ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ዘይት መቀባት ይኖርበታል። ከምድጃ በላይ መስቀል ጢሱና እንፋሎቱ ስለሚጎዳው መልካም አይደለም። በቆዳ አፎት ውስጥ ማኖርም ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ለጉዞ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

የመለኮሻው ቅሪት እርሳስ የተባለ መርዛም ማዕድን ስላለበት፣ ሥራው ምግብ በሚበስልበት ቦታ አይሠራም። የተወለወለበት ጨርቅ ከልጆች ርቆ ይወገዳል፤ እጅም ምግብ ከመነካቱ በፊት በሳሙና ይታጠባል።

በበጋ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት ግን በየሳምንቱ አፈሙዙን ማየትና ዘይቱን ማደስ ይበቃል። ከተኩስ በኋላ ደግሞ በዚያው ዕለት፣ ሳይታደር መወልወል ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድም፤ ወጪውም የአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ፣ የጥቂት ሳሙናና የትንሽ ዘይት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መሣሪያ የያዘ ሁሉ የሰኔው ጉም በተራራው ላይ ሳይተኛ ይህን ሥራ ቢፈጽም ከራሱም ከቤተሰቡም ላይ አደጋን ያርቃል።