የቤት ዋጋ አረፋ በምን ይታወቃል?

የቤት ዋጋ ስለ ተወደደ ብቻ አገሩ በአረፋ ተይዟል ማለት አይደለም። ሕዝብ ሲበዛ፥ ደመወዝም ሲያድግ ቤት መወደዱ አይቀርም። አረፋ የሚባለው፥ ነገ ከዚህም ይብሳል በማለት ሰው ሁሉ እየተሻማ ሲገዛና ዋጋው በዚሁ ተስፋ ላይ ብቻ ሲቆም ነው። ታዲያ ሳይፈነዳ እንዴት ይለያል?

የአየርላንድን ታሪክ እንመልከት (ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያች አገር ከ1996 እስከ 2007 የቤት ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ባንኮቹም ባለሥልጣኖቹም ምክንያት አላጡም፤ ወጣቱ በዝቷል፥ ሥራ ሞልቷል፥ በ1999 ዩሮ ከመጣ ወዲህ ወለድ ረክሷል ይሉ ነበር። ክፋቱ ሁሉም እውነት መሆኑ ነው።

የኤኮኖሚ ተማሪዎች ብዙ ቀመር አላቸው፤ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ማካፈል ይበቃናል። ሚዛኑ የቤት ኪራይ ነው። ነገ አትርፌ እሸጠዋለሁ ብሎ የሚከራይ የለምና፥ ተከራይ የሚከፍለው ለመኖሪያው ብቻ ነው። በዓመት 12,000 ዩሮ የሚከራይ ቤት በ180,000 ቢሸጥ የ15 ዓመት ኪራይ ነው። ኪራዩ ሳይነቃነቅ ዋጋው 360,000 ቢደርስ ግን የ30 ዓመት ይሆናል። ከልዩነቱ ጥቂቱን የወለድ መርከስ ያስረዳ ይሆናል፤ የቀረው ተስፋ ነው። በአየርላንድም ዋጋው ሲጋልብ ኪራዩ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ደግሞም በ2006 የሕዝብ ቆጠራ፥ የበዓል ማረፊያዎች ጭምር፥ 266,000 ያህል ቤቶች ባዶ ሆነው ተገኙ፤ ከመቶ 15 ያህሉ ማለት ነው። ቤት ጠፋ እየተባለ!

ዳሩ ግን ይህ ሚዛን ቀኑን አይናገርም፤ ኪራይና ዋጋ ከተራራቁ በኋላም ዋጋው ለዓመታት ወጥቷል። የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሞርጋን ኬሊ ከ1970 ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የታየውን አነጻጽሮ፥ የአየርላንድ ቤት ዋጋ ከመቶ ከ40 እስከ 60 ሊወርድ እንደሚችል በ2007 ጻፈ። ብዙዎች አልሰሙትም። በ2013 መጀመሪያ ዋጋው ከ2007ቱ በግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ባንኮቹ ወድቀው መንግሥት በ2010 የ85 ቢሊዮን ዩሮ የማዳኛ ስምምነት ተቀበለ። በ2006 ተበድሮ የገዛው ወጣት ደግሞ ቤቱን ቢሸጥ እንኳ ዕዳውን አይከፍልለትም።

በ2022 ዋጋው ያንኑ የ2007ቱን ጣሪያ አለፈ። ይህስ አረፋ ነውን? በዚህኛው ጊዜ ኪራዩም አብሮ ወጥቷል፥ የሚከራይ ቤትም በመከራ የሚገኝ ሆኗል። ከ2008 በኋላ ግንባታው ለዓመታት ስለ ተዳከመ ያነሰው ቤቱ ራሱ ነው። ለተከራዩ ግን ይህኛው የሚቀል አይደለም።