የዕርድ ቢላችን፦ ዝገቱና ጥቁረቱ



ውድ አንባቢያን፣ የዒድ አል-አድሓን (የአረፋን) ማለዳ እስኪ አስታውሱ። ቤተሰቡ ከሶላት ተመልሷል፤ በጉ ግቢ ውስጥ ታስሯል። ቢላው ግን ከቁም ሳጥን አናት ላይ ሲወርድ ቀይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። አንዱ አባወራ በችኮላ ድንጋይ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጎ ወደ ዕርዱ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ቢላው ስለጠቆረ ብቻ "ተበላሽቷል" ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለመሆኑ የትኛው ቀለም ጉዳት አለው? የትኛውስ ይጠቅማል?

ቢላ መሳል የዲን ጉዳይ ነው

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳን እንደታዘዘ፣ አራጁም ቢላውን መሳልና እንስሳውን ከስቃይ ማሳረፍ እንዳለበት አስተምረዋል። ሐዲሱን ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሲሆን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ዝገት የቢላን ስለት ይበላል። የተበላ ስለት አይቆርጥም፤ ይገዘግዛል እንጂ። ስለዚህ ቢላን ከዝገት መጠበቅ ንብረትን ከመጠበቅም በላይ የእንስሳውን ሐቅ መጠበቅ ነው።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከውኃና ከአየር (ከኦክስጅን) ጋር ሲገናኝ ወደ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይለወጣል። ይህ ዱቄት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጥና ይላጣል። ሲላጥ ከሥሩ ያለው አዲስ ብረት ይጋለጣል፤ እሱም በተራው ይዝጋል። ጨው ይህን ያፋጥነዋል። ደም ደግሞ ውኃም ጨውም አለበት። ያልታጠበ የዕርድ ቢላ በአንድ ሌሊት የሚዝገው ለዚህ ነው።

የሱሉልታን አየር ደግሞ እናውቀዋለን። ከተማችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ሜዳው ውኃ ያቁራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ዒድ አል-አድሓ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ደግሞ ግንቦት 29 ውሏል። ይህ ማለት ቢላችንን አስቀምጠን የምንረሳው ክረምቱ ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ ነው።

ሁሉም ቢላ እኩል አይዝግም። "ስቴንለስ" የምንለው ብረት ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ፈጥሮ ብረቱን ይጠብቀዋል። ባለሙያ ቀጥቅጦ ከመኪና ባሌስትራ ወይም ከአሮጌ ሞረድ የሚሠራው ቢላ ግን ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ክሮሚየሙ ትንሽ ነው። በቀላል መሳያ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱንም ይይዛል። ዋጋው ግን እንክብካቤ ነው።

ጥቁረቱስ?

በእንዲህ ያለ ቢላ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም ሥጋ ስትቆርጡበት ቀስ በቀስ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ በኋላም ጥቁር ይሆናል። በውጭው ዓለም "ፓቲና" ይሉታል። ይህም ብረቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚፈጠር ነው፤ ነገር ግን እንደ ቀዩ ዝገት አይላጥም። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀዩንም ዝገት ያዘገየዋል። ለጤና ጉዳት የለውም። አዲስ ቢላ ግን ሎሚና ፍራፍሬ ላይ የብረት ጣዕም ሊተው ይችላል፤ ሲጠቁር ይህም ይቀንሳል።

መለያው ቀላል ነው። የቢላውን ጎን በነጭ ጨርቅ እሹት። ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ዝገት ነው፤ መወገድ አለበት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ የቢላው ጎን ለስላሳ ከሆነ ጥቁረቱ ጠባቂያችሁ ነውና አትፋቁት።

ዝገት መንጋጋ ቆልፍ ያመጣልን?

ብዙዎቻችን "የዛገ ብረት ቲታነስ ያመጣል" እያልን አድገናል። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም። በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የላም በረት ባለበት ግቢ፣ መሬት ላይ የወደቀ ቢላ አዲስና የሚያብረቀርቅ ቢሆንም ባክቴሪያውን ሊይዝ ይችላል። የዛገ ቢላ ጉዳቱ ጉድጓዶቹ ቆሻሻና የሥጋ ፍርፋሪ መያዛቸው፣ የደነዘዘው ስለትም በጉልበት ሲገፋ እጅ ላይ ማምለጡ ነው።

በዕርድ ቀን የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጫነው። የተፈጨ ቡናም ሆነ አፈር አያድርግበት። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በተለይ ጨርሶ ያልተከተበ ወይም ከተከተበ 5 ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ለባለሙያው ይንገር። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ስለሚታይ "ቁስሉ ደርቋል" ብሎ መዘናጋት አይገባም። እናቶች በእርግዝና ጊዜ፣ ሕፃናትም በመደበኛ ክትባት ያገኙታል። ቢላ የሚይዙት አባቶች ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

ምን እናድርግ?

1. ከዕርድ በኋላ ቢላውን ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ሙቅ ውኃ ደሙን ያረጋዋል። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ድገሙት። የሚፈሰው ደም ነጃሳ ስለሆነ እጀታው ሥር ያለውን ስንጥቅ አትርሱ።

2. ጨጓራና አንጀት የነካ ቢላ ሳይታጠብ ሥጋ አይንካ። ጥሬ ሥጋ ለሚበላበት ቤት ይህ ከሁሉም ይብሳል።

3. በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በረኪና ብረት ይበላል። ለማጽዳት ብላችሁም እሳት ውስጥ አታግሉት፤ ጥንካሬውን ያጣል። የፈላ ውኃ ግን አይጎዳውም።

4. በደረቅ ጨርቅ አብሱትና እስኪደርቅ ጥቂት አቆዩት። ጥቁረቱም ቢሆን እርጥበትን አይችልም።

5. ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡ ከፋርማሲ የሚገኝ ፈሳሽ ፓራፊን ወይም ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይጣበቃል፣ ይበላሻልም። ጥሬ ቅቤ ውኃ አለበት። የመኪና ዘይት ደግሞ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ ፈጽሞ አይቀባም። ከመጠቀማችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት።

6. በቆዳ ሰገባ ውስጥ አታክርሙት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ።

7. ከዛገ ደረቅ አመድ በእርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ እሹት። ካልለቀቀ ሎሚ ጨምሩበት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁና አድርቁት። ጥልቅ ጉድጓድ የቀረበትን ቢላ ግን ለሥጋ አትጠቀሙበት።

በመጨረሻም፣ ቢላችሁን ከዒዱ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አውጥታችሁ እዩት፤ ሳሉት። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ በጉ እያየ መሳል ከኢሕሳን አይደለምና።

አላህ (ሱ.ወ.) ኡድሒያችንን ይቀበለን፣ ጤናችንንም ይጠብቅልን። አሚን!