የደረት ጌጥ የሚመዘነው በጀርባው ነው

ብሮሽ የምንለው የደረት ጌጥ ከቀለበትና ከሐብል የሚለየው የሚያርፈው በገላ ላይ ሳይሆን በጨርቅ ላይ በመሆኑ ነው። ከልብሱ ጋር የሚያገናኘውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀጭን መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ከላላ ጌጡ ይጠፋል፤ ከወፈረ ልብሱን ይቀዳል፤ ቦታውን ከሳተ ጌጡ ወደ ፊት ይደፋል። ስለዚህ የእጅ ሥራ ብሮሽ መጀመር ያለበት ከመርፌው ነው እላለሁ። ብዙ ጀማሪ ግን ፊቱን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ለመርፌው ቦታ የሚፈልገው።

ታሪኩም የመርፌውን ቀዳሚነት ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ የአውሮፓ ነሐስ ሠራተኞች ፊቡላ የሚባለውን ማያያዣ ያበጁት ልብስን አጥብቆ እንዲይዝ ነበር። የነሐሱን ሽቦ ጠምዝዘው ሞላ አወጡለት፤ አንዱን ጫፍ አሹለው መርፌ፣ ሌላውን አጥፈው መያዣ አደረጉት። ያሸበረቀው ጌጥ የመጣው ቆይቶ፣ በዚያው አካል ላይ ነው። አሜሪካዊው ዋልተር ሀንት እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ እኛ መርፌ ቁልፍ የምንለው ዕቃም ከዚያ ሐሳብ ብዙ አልራቀም።

የመርፌ ብርታት ያለው በግትርነቱ ነው። ብርም ሆነ ናስ ሲቀጠቀጥ ወይም በጠባብ ቀዳዳ ሲሳብ ይጠነክራል፤ ሲግል ደግሞ ይለሰልሳል። ብር ለመበየድ የሚያስፈልገው ሙቀት ብርን ከሚያለሰልሰው ስለሚበልጥ፣ ከጌጡ ጋር አብሮ የተበየደ መርፌ አንዴ ከጎበጠ በራሱ ተመልሶ አይቀናም። ስለዚህ ብልህ አንጥረኛ ማጠፊያውንና መያዣውን ብቻ ይበይዳል፤ መርፌውን ግን እሳቱና ማጽዳቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ በማጠፊያው ቀዳዳ ሽቦ አሳልፎ፣ የሽቦውን ጫፎች ቀጥቅጦ ያስረዋል። ለመርፌው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ሽቦ ለአብዛኛው ብሮሽ ይበቃል። ጫፉ እየቀጠነ ተሞርዶ ልሙጥ እስኪሆን ይወለወል፤ ሸካራ ጫፍ ክር ይበጥሳል፣ ልሙጡ ግን በክሮች መካከል ሾልኮ ያልፋል። መርፌው ሲፈታ ከመያዣው ትንሽ ርቆ መቆም አለበት፤ በጣት ተገፍቶ ሲገባ ያ ግፊት ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ቦታውም ከጌጡ ወገብ በላይ፣ በላይኛው ሲሶ አካባቢ ሲሆን ክብደቱ ከመርፌው በታች ስለሚውል ጌጡ አይደፋም። የመያዣው አፍ ወደ ታች ይዞራል፤ ጌጡ በክብደቱ ወደ ታች ሲጎትት መርፌው ወደ መያዣው ጣሪያ ይጠጋልና። ከባድና ሰፊ ጌጥ ደግሞ በአንድ መርፌ ላይ ስለሚሽከረከር ሁለት መርፌ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ የተዘጋጀ መርፌ ገዝቶ በሙጫ መለጠፍ አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቀላል፤ ነገር ግን መርፌው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሙጫውን ከጠርዙ ይፈለቅቀዋል፤ በልሙጥ ብረት ላይ ደግሞ ሙጫ አጥብቆ አይዝም። ገዝቶ በአግባቡ መበየድ ግን አያስነቅፍም። ማግኔትም እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ስስ ሐር አይበሳም። ሆኖም በወፍራም ካፖርት ላይ ጉልበቱ ይደክማል፤ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በደረታቸው ለተገጠመላቸው ሰዎችም ያሰጋል። ጀርባውን ማን ያየዋል ለሚሉ ደግሞ መልሱ በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1850 የተገኘውና በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተሠራው የታራ ብሮሽ ጀርባው እንደ ፊቱ በጥልቅ ጥበብ አጊጧል፤ መርፌውም 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሠሩት ሰዎች ለሚታየውና ለማይታየው ወገን የተለያየ ትጋት አላወጡም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሙያ ለእኛ አገር አንጥረኞች እንግዳ አይደለም። ከአገራችን የአንገት መስቀሎች መካከል ማንጠልጠያቸው በማጠፊያ የተያያዘ አለ፤ ቀጭን የብር ሽቦ ጠምዝዞ ጌጥ ማውጣትም የቆየ ጥበባቸው ነው። ያንን ማጠፊያ የሠራ እጅ የብሮሽ ማጠፊያም ይሠራል፤ የሚቀረው ለመርፌው ግትርነት መጨነቅ ነው። ገዢም ይህን ሊጠይቅ ይገባል። በእጅ የተሠራ ብሮሽ ስትገዙ አስቀድማችሁ ገልብጡት፤ መርፌውን ከፍታችሁ ዝጉት፤ ከማጠፊያው ላይ ወደ ጎን ቢወዛወዝ ወይም ሳይገፋ መያዣው ውስጥ ዘው ቢል፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለሠሪው መልሱለት።