ኖድ-ሬድ፦ የማይታየውን ሽቦ መከተል

በኖድ-ሬድ ፕሮግራም የሚሠራው በአብዛኛው በሥዕል ነው። በግራ በኩል ከተደረደሩት ትንንሽ ሳጥኖች የሚያስፈልገውን በማውዝ ጎትቶ መሃል ላይ ማስቀመጥ፣ አንዱን ከሌላው በሽቦ ማያያዝ፣ ከዚያ «ዲፕሎይ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ሳጥኖቹ «ኖድ»፣ በሽቦ የተያያዙት በአንድነት «ፍሰት» ይባላሉ፤ ኖዶቹ በሽቦው ላይ መልእክት ይቀባበላሉ። አንዱ ከሙቀት መለኪያ የመጣውን ቁጥር ይቀበላል፣ ቀጣዩ ከ30 ዲግሪ መብለጡን ያጣራል፣ ሦስተኛው ማራገቢያውን ያስነሳል።

መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2013 አይቢኤም ውስጥ የጀመሩት ኒክ ኦሊሪ እና ዴቭ ኮንዌይ-ጆንስ ናቸው። ኮዱ በዚያው ዓመት ለማንም ክፍት ሆነ፤ ዛሬ በኦፕንጄኤስ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል።

አሥር ኖድ ያለው ሥዕል ለዓይን ደስ ይላል። መቶ ሲሆን ግን ሽቦዎቹ እንደ ተተበተበ ክር ይሆናሉ። ስለዚህ ሥራው በየታቡ ይከፋፈላል፦ መለኪያዎቹ በአንዱ፣ ማስጠንቀቂያው በሌላው። ችግሩ ሽቦ ከታብ ወደ ታብ መሳል አለመቻሉ ነው። ለዚህ የተዘጋጁት «ሊንክ አውት» እና «ሊንክ ኢን» የተባሉት ጥንድ ኖዶች ናቸው። መልእክቱ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ታብ ባለው ጥንዱ ይወጣል፤ በመካከላቸው የተሳለ ነገር የለም።

ሥዕሉ ንጹሕ የሚሆነው ግንኙነቱን በመደበቅ ነው። የተደበቀው እንዳይጠፋ ደግሞ መሣሪያው መንገድ ይሰጣል። ሊንክ ኖዱን ስትመርጡት ከጥንዶቹ ጋር የሚያገናኘው መስመር በነጠብጣብ ብቅ ይላል። ጥንዱ ሌላ ታብ ላይ ከሆነ የታቡ ስም ከመስመሩ ጫፍ ይታያል፤ ስሙን ስትጫኑት በቀጥታ ወደዚያ ይወስዳችኋል። እኔ ከመሣሪያው ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሌላ ሰው የሠራውን ፍሰት ለማንበብ ለተቀመጠ ሰው ከማንኛውም ማብራሪያ ጽሑፍ ይበልጣል። በስተቀኝ ያለው፣ መልእክቶችን የሚያሳየው የዲበግ መስኮትም ይረዳል፦ ከመልእክቱ በላይ የተጻፈውን የኖድ ስም ብትጫኑ መልእክቱን ያሳየው ኖድ ያለበት ቦታ ይከፈትላችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 «ሊንክ ኮል» ተጨመረ። ይህ መልእክቱን ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ አስቀድሞ በተቀመጠው ልክ 30 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ስሕተት ያሳውቃል። አንድ የማስጠንቀቂያ ፍሰት ከብዙ ታቦች ሊጠራ የሚችለው በዚህ ነው። ጠሪው ሲበዛ ከ«ሊንክ ኢን» ተነስቶ ወደ ኋላ የመሄድ ዋጋ ይታወቃል፦ ይህን ብቀይር የሚነካው ማነው?

አንድ ቦታ ላይ ግን መንገዱ ይቋረጣል። ሊንክ ኮል መድረሻውን ከመልእክቱ ውስጥ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው መልእክቱ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ የሚታይ ነጠብጣብ፣ የሚጫኑት ስምም የለም። በእኔ እምነት ይህ አማራጭ ያለ እርሱ ሥራው የማይሆን ሲሆን ብቻ ቢወሰድ ይሻላል። ከተወሰደም ለእያንዳንዱ መድረሻ የማይደገምና ሥራውን የሚናገር ስም መስጠት፣ ጠሪውም አጠገብ መድረሻዎቹን ዘርዝሮ በኮሜንት ኖድ መጻፍ ያስፈልጋል።